ነፍሳት በል ዕፅዋት ለኬሚካዊ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡት ምላሽ፦ የዳርዊንን የድሮሴራ ሙከራዎች እንደገና ማንበብ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1860 የበጋ ወራት ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ ግዛት፣ ሃርትፊልድ በተባለ ስፍራ አጠገብ ባለ ረግረጋማ ሜዳ ሲዘዋወር ድሮሴራ ሮተንዲፎሊያ በምትባል አነስተኛ ተክል ቅጠሎች ላይ ተጣብቀው የሞቱትን ነፍሳት ብዛት አይቶ ተገረመ። «የዝርያዎች አመጣጥ» የተባለው መጽሐፉ ከታተመ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ስለዚያ መጽሐፍ ሲከራከሩ፣ ደራሲው ራሱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለጂኦሎጂው ሊቅ ለቻርልስ ላየል በጻፈው ደብዳቤ፣ ለጊዜው ከዝርያዎች ሁሉ አመጣጥ ይልቅ የድሮሴራ ጉዳይ እንደሚያሳስበው ገልጿል። የሙከራዎቹ ውጤት «ነፍሳት በል ዕፅዋት» በሚል ርእስ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ነው።

መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተክል ነፍሳትን አጥምዶ እንደሚመገብ ስላረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ ገጾቹን በትዕግሥት ለሚያነብ ሰው ሰፊው ክፍል ስለ አደን አይደለም፤ ስለ ጨዎች፣ ስለ አሲዶች፣ ስለ መርዞችና ስለ ልዩ ልዩ ፈሳሾች ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በነዚህ ኬሚካዊ ሙከራዎች ላይ ሲሆን፣ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተክሉ ለአንድ ንጥረ ነገር ምላሽ ሰጠ ስንል፣ ምላሽ የሰጠው ለምኑ ነው? ለምግብነቱ ነው፣ ለጨውነቱ ነው፣ ለአሲድነቱ ነው፣ ወይስ በሕዋሳቱ ላይ ለደረሰው ጉዳት? የጸሐፊው አስተያየት፣ የዳርዊን ሥራ ጥንካሬ ብዙ ሰው በሚያደንቃቸው እጅግ ጥቃቅን መጠኖች ላይ ሳይሆን ምላሽ ባልታየባቸው ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ ነው የሚል ነው።

ምላሹ እንዴት ይለካል?

የድሮሴራ ቅጠል የላይኛው ገጽ ጫፋቸው ላይ እጢ ባላቸው ጸጉሮች የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ እጢ የምታጣብቅ የፈሳሽ ጠብታ ይዞ ይታያል፤ ጠል የወረደበት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳርዊን 31 ቅጠሎችን ቆጥሮ በአንድ ቅጠል ላይ በአማካይ 192 ባለእጢ ጸጉሮች እንዳሉ አገኘ፤ አነስተኛው 130፣ ከፍተኛው 260 ነበር። እጢው ሲነቃቃ ጸጉሩ ወደ ቅጠሉ መካከል ይታጠፋል። በመካከል ያሉት እጢዎች ሲነቃቁ ደግሞ እነርሱ ራሳቸው ብዙም ሳይንቀሳቀሱ መልእክቱን ወደ ዳር ያስተላልፋሉ፤ ያልተነኩት የዳር ጸጉሮችም ይታጠፋሉ።

ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ምላሹ በዓይን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሰዓት ተይዞ ይመዘገባል፤ ከማጉያ መነጽርና ከትዕግሥት በቀር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የዚያኑ ያህል አደጋም አለው። ጸጉሩ የሚታጠፈው በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ የመታጠፉ ምክንያት ምን እንደሆነ ከመታጠፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ለምሳሌ ዳርዊን 0.000822 ሚሊግራም የምትመዝን የሰው ጸጉር ቁራጭ በእጢ ላይ አርፋ እንቅስቃሴ እንዳስከተለች መዝግቧል። በአንጻሩ የዝናብ ጠብታ በኃይል ቢወርድበትም ተክሉ አይንቀሳቀስም። እንግዲህ በጠብታ መልክ የሚቀርብ ኬሚካል የራሱን ክብደት ማስረጃ አድርጎ አያቀርብም፤ ለኬሚካዊው ሙከራ መሠረት የሆነው ይህ ቸልታ ነው።

ሥልሳ አንድ ቅጠሎችና ሥልሳ አራት ቅጠሎች

በመጽሐፉ አምስተኛ ምዕራፍ የተገለጸው ሙከራ በአቀራረቡ እጅግ ቀላል ነው። ዳርዊን ግማሽ ሚኒም፣ ማለትም 0.03 ሚሊሊትር ገደማ የሚሆን ጠብታ በቅጠሉ መካከል ያስቀምጥና ይጠብቃል። ናይትሮጅን የሌላቸውን ወይም የሌላቸው ያህል የሚቆጠሩትን ፈሳሾች፣ ማለትም የግራር ሙጫ፣ የስኳርና የስታርች ብጥብጥ፣ የቀጠነ አልኮል፣ የወይራ ዘይትና የሻይ ውኃ በ61 ቅጠሎች ላይ ሞከረ። ከነዚህ መካከል አንድም ቅጠል ጸጉሮቹን አላጠፈም። ቀጥሎ ናይትሮጅን ያላቸውን ፈሳሾች፣ ማለትም ወተት፣ ሽንት፣ የእንቁላል ነጭ፣ የጥሬ ሥጋ ውኃ፣ ንፍጥ፣ ምራቅና ከዓሣ ፊኛ የሚዘጋጅ ሙጫ በ64 ቅጠሎች ላይ ሞከረ። ከነዚህ 63ቱ በግልጽ ታጠፉ።

61 ለ0፣ 64 ለ63። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ውጤት ይዞ የሚመጣ ተማሪ ምንም የስታቲስቲክስ ስሌት ማቅረብ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ክብደቱ ያለው በቁጥሩ ላይ ብቻ አይደለም። የግራር ሙጫው ያጣብቃል፣ ዘይቱ እጢውን ይሸፍናል፣ ስኳሩ ከሕዋሳቱ ውኃ ሊስብ ይችላል፣ አልኮሉም ሊጎዳ ይችላል። እያንዳንዱ «ዜሮ» አንድ አማራጭ ማብራሪያ ከመንገድ ያስወግዳል። ፈሳሽ መሆን፣ መጣበቅ፣ መክበድ፣ እጢን መሸፈን፣ ሁሉም ብቻቸውን በቂ አለመሆናቸው ታወቀ። ዳርዊን በዚህ አላበቃም፤ የአረንጓዴ አተርና የጎመን ቅቅል ውኃም ሞክሮ፣ የአተሩ ውኃ ከሥጋ ውኃ ጋር ሊወዳደር በሚችል ኃይል እንደሚሠራ አገኘ። ስለዚህ ተክሉ የሚለየው እንስሳን ከዕፅ አልነበረም፤ ናይትሮጅን ያለውን ከሌለው ነበር።

ይህን ክፍል ሳነብ የራሴ ስሕተት ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያ ዲግሪ ጥናቴ ወቅት የባቄላ ችግኞችን በዕድገት ሆርሞን አርሼ፣ ያልተረጩት ከተረጩት በቁመት መለየታቸውን በኩራት አቀረብሁ። ሆርሞኑን የበጠበጥሁት በአልኮል ነበር። አንድ መምህር የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «አልኮል ብቻ የተረጨው ችግኝ የት አለ?» አልነበረም። የሁለት ወር ሥራ በዚያች ጥያቄ ዋጋ አጣ። ዳርዊን የቀጠነ አልኮልን ብቻውን ከ61ዱ ቅጠሎች መካከል ማስገባቱን ሳይ፣ ያ ዝርዝር ለእኔ ከማንኛውም የዘዴ መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ይናገራል።

የአሞኒያ ጨዎችና የጥቃቅን መጠኖች ጉዳይ

ሰባተኛው ምዕራፍ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ነው። ናይትሮጅን ምላሽ የሚያስነሣ ከሆነ ንጹሕ የናይትሮጅን ጨውስ? ዳርዊን ልዩ ልዩ የአሞኒያ ጨዎችን በሦስት መንገድ ሞከረ፦ በቅጠሉ መካከል በጠብታ፣ በአንድ እጢ ላይ በመርፌ ራስ በተነካች እጅግ አነስተኛ ጠብታ፣ እንዲሁም ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ በብጥብጡ ውስጥ በመንከር። በመጨረሻው መንገድ አንድን ጸጉር ለማጠፍ አንድ እጢ ሊወስደው የሚችለው መጠን በአሞኒያ ካርቦኔት 0.00024 ሚሊግራም፣ በአሞኒያ ናይትሬት 0.0000937 ሚሊግራም፣ በአሞኒያ ፎስፌት ደግሞ 0.00000328 ሚሊግራም ሆነ። የመጨረሻው በእርሱ አለካክ ከአንድ ግሬን 19,760,000 እጅ አንዱ ነው። ዳርዊን ራሱ ቁጥሩን ለማመን ተቸግሮ ሙከራውን ደጋግሟል፤ አንባቢዎቹም ላያምኑት እንደሚችሉ ተረድቶ ነበር።

ቁጥሩ በዛሬው ኬሚስትሪ ሲታይ ያን ያህል ተአምር አይደለም። 3.28 ናኖግራም የአሞኒየም ፎስፌት፣ በጨው ቅንጣቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ቀንሰን ብንወስድ እንኳ፣ 10 ትሪሊዮን ገደማ ሞለኪዩሎች አሉት። ለአንድ እጢ ሕዋሳት ይህ ብዙ ነው፤ ሆርሞኖች ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ይሠራሉ። ዳርዊን የውሻን የማሽተት ችሎታ በማነጻጸሪያነት ያቀረበው የሞለኪዩሎችን ቁጥር የሚያሰላበት መንገድ ስላልነበረው ነው።

ጥርጣሬ ሊነሣ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። ስሌቱ የተሠራው ቅጠሉ በተነከረበት 30 ሚኒም (1.8 ሚሊሊትር ገደማ) ብጥብጥ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ጨው ለጸጉሮቹ እኩል በማካፈል ነው። ዳርዊን ጨው ሁሉ እንደማይመጠጥ ስለሚያውቅ ቁጥሩን እንደ ላይኛ ወሰን ቆጠረው። ይህ ለአማካዩ እጢ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የታጠፈው ጸጉር አማካይ ላይሆን ይችላል። ሁሉም ጸጉሮች ባልታጠፉበት ቅጠል፣ የታጠፉት ከድርሻቸው በላይ የወሰዱት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ጥርጣሬ ውኃውን ይመለከታል። ጨው በሚሊዮኖች እጥፍ ውኃ ሲበጠበጥ፣ በተጣራው ውኃ ውስጥ ቀድሞ የነበረ የአሞኒያ ርዝራዥ ከተጨመረው ጋር ሊወዳደር ይችላል። ዳርዊን በጎን በውኃ ብቻ የተነከሩ ቅጠሎችን ስለያዘ ልዩነቱ ከጨው የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ እጢው በጠቅላላ የወሰደው አሞኒያ ስንት እንደሆነ ግን ይህ ማነጻጸሪያ ሊነግረን አይችልም። በእኔ እምነት የሦስቱ ጨዎች ቅደም ተከተል የጸና ነው፤ የፎስፌቱ ፍጹም ቁጥር ግን በጥንቃቄ መጠቀስ አለበት።

ቅደም ተከተሉ ራሱ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። አሞኒየም ናይትሬት ከክብደቱ 35 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ግን 21 በመቶ ብቻ። ምላሹ ናይትሮጅንን የሚከተል ቢሆን ኖሮ ናይትሬቱ መብለጥ ነበረበት። የሆነው ግን ፎስፌቱ ከናይትሬቱ ወደ 29 እጥፍ ባነሰ መጠን መሥራቱ ነው። የዳርዊን ማብራሪያ ፎስፈረስም ለተክሉ ጠቃሚ በመሆኑ ላይ ያተኩራል። ድሮሴራ የሚበቅልበት ረግረጋማ አፈር በሁለቱም ንጥረ ነገሮች ድሃ ስለሆነ ማብራሪያው አሳማኝ ነው።

ምግብ ያልሆኑት

ከአሞኒያ ጨዎች ወጥተን ወደ ሌሎቹ ስንሄድ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ዳርዊን የሞከራቸው 9 የሶዲየም ጨዎች ሁሉ ጸጉሮቹን አጠፉ፤ ተመሳሳይ የፖታሲየም ጨዎች ግን በአብዛኛው አላጠፉም። ፖታሲየም ለዕፅዋት የግድ አስፈላጊ ነው፤ ሶዲየም ለአብዛኞቹ አይደለም። የ«ምግብ» ማብራሪያ እዚህ ላይ ይሰናከላል። አሲዶችም እንዲሁ ናቸው። አንድ እጅ በ437 እጅ ውኃ ከተበጠበጡ 24 አሲዶች መካከል 19ኙ ምላሽ አስነሡ፤ ከነርሱም ጥቂት የማይባሉት ቅጠሉን የሚመርዙ ነበሩ። ለመርዝ የሚታጠፍ ጸጉር ለምግብ ታጠፈ ማለት አይቻልም። መታጠፍ አንድ የመጨረሻ መንገድ ነው፤ ወደርሱ የሚያደርሱ በሮች ግን ብዙ ናቸው።

የመርዞቹ ሙከራ በዘመኑ ለነበረ ሌላ ጥያቄ የታሰበ ነበር፦ ተክሉ ነርቭ የሚመስል ነገር አለውን? ስትሪክኒን ቅጠሉን ገደለ። ኩራሬ፣ የእንስሳትን ጡንቻ ሽባ የሚያደርገው መርዝ፣ ድሮሴራን ሽባ አላደረገም። ሞርፊን አላደነዘዘውም። የኮብራ እባብ መርዝ ደግሞ ከመጉዳት ይልቅ በኃይል አነቃቃው። ዳርዊን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ጥንቁቅ ነው፤ እንስሳትን በነርቭ በኩል የሚገድል ነገር ድሮሴራን አለመግደሉ፣ ተክሉ የነርቭ ሥርዓት እንደሌለው ከሚያመለክቱ ምልክቶች አንዱ ነው ብሎ ወሰደው።

በምግብ መፈጨት ላይ ያደረገው ሙከራ ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ይመስለኛል። ቅጠሉ ላይ አነስተኛ የእንቁላል ነጭ ኩብ ያስቀምጣል፤ የእጢው ፈሳሽ አሲዳማ እየሆነ ኩቡ ማዕዘኑን እያጣ ይሟሟል። መሟሟት ሲጀምር በአልካላይ ጠብታ አሲዱን ያረክሰዋል፤ መፈጨቱ ይቆማል። ቀጥሎ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይመልሰዋል፤ መፈጨቱ እንደገና ይቀጥላል። ኢንዛይሙ አልጠፋም፤ የሚሠራበት ሁኔታ ብቻ ተለወጠ። ማቆምና ማስቀጠል መቻል ምክንያትን ከአጋጣሚ የሚለይ ሙከራ ነው።

ከመታጠፍ ወደ ሆርሞን

ዳርዊን ዳዮኒያ ሙሲፑላ የተባለችውን የሰሜን ካሮላይና ተክልም መርምሯል። በዚች ተክል ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋል፤ ወጥመዱን የሚዘጉት ስሜት ያላቸው ጸጉሮች ለንክኪ እንጂ ለፈሳሽ ጠብታ ግድ የላቸውም፤ የሚፈጩት እጢዎች ግን ናይትሮጅን ያለው ነገር ካልደረሳቸው ፈሳሽ አያመነጩም። በስሕተት የተዘጋ ባዶ ወጥመድ በ24 ሰዓት ገደማ ይከፈታል፤ ነፍሳት የያዘው ለብዙ ቀናት ይዘጋል።

ይህ ክፍፍል በኋላ ዘመን ጥናት ማብራሪያ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን ሀገር ከዉርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የወጣ ሥራ ተክሉ የኤሌክትሪክ ምልክቶችን እንደሚቆጥር አሳየ፤ ሁለት ምልክቶች ወጥመዱን ይዘጋሉ፣ ተጨማሪዎቹ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለውን ሆርሞን ያስነሣሉ፣ ከሦስት ሲያልፉ የፈጪ ኢንዛይሞች ዘረመል ይነቃል። እዚያው ጥናት ውስጥ ሶዲየም የሚያስገባ መተላለፊያም አብሮ እንደሚነቃ ተገልጿል፤ የዳርዊን 9 የሶዲየም ጨዎች ትዝ ያሉኝ እዚህ ላይ ነው፤ ድሮሴራ ሌላ ተክል መሆኑን ሳንዘነጋ። ድሮሴራ ካፔንሲስ በተባለው ዝርያ ላይ ደግሞ ጃስሞኔትን ከውጭ መቀባት ነፍሳት ሳይኖር ቅጠሉን እንደሚያጥፍ ታይቷል። ስለዚህ በዳርዊን በሮችና በመታጠፍ መካከል ያለው የጋራ ኮሪደር ቢያንስ በከፊል ሆርሞን ነው። ይኸው ሆርሞን በተራ ዕፅዋት ውስጥ ነፍሳት ቅጠል ሲበሉ የሚነሣ የመከላከያ ምልክት መሆኑ ለአሲዶቹና ለመርዞቹ ምላሽ አንድ መንገድ ይጠቁማል፦ ጉዳትና ምግብ በአንድ ቋንቋ ይነገራሉ ማለት ነው።

የማደንዘዣው ጥያቄም ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬን ዮካዋና ባልደረቦቹ በኢተር እንፋሎት ውስጥ የዳዮኒያ ኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚጠፋ፣ እንፋሎቱ ሲወገድም እንደሚመለስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በማደንዘዣ ሥር ያለች ዳዮኒያ ስትነካ ጃስሞኒክ አሲድ እንደማትሠራ፣ ሆርሞኑ ከውጭ ሲሰጣት ግን ዘረመሎቹ እንደሚነቁ አረጋገጠ። ማደንዘዣው የዘጋው ከምልክቱ መነሻ እስከ ሆርሞኑ ያለውን መንገድ እንጂ ከሆርሞኑ በኋላ ያለውን አይደለም። ይህ የዳርዊን የአልካላይና የአሲድ ሙከራ አካሄድ ነው፤ አቁም፣ ከዚያም ከቆመበት በታች ጨምረህ አስቀጥል።

ምላሹ ለተክሉ ምን ይጠቅመዋል?

ዳርዊን ተክሉ ምላሽ እንደሚሰጥና እንደሚፈጭ እንጂ በመመገቡ እንደሚጠቀም በቀጥታ አላሳየም ነበር፤ ተቺዎቹም ይህን አልዘነጉም። ክፍተቱን የሞላው ልጁ ፍራንሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ሙከራ ሥጋ የተመገቡት የድሮሴራ ተክሎች ካልተመገቡት ከእጥፍ በላይ ዘር ሰጡ፤ የዘራቸው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ዋናው ልዩነት በቅጠሉ ልምላሜ ሳይሆን በዘሩ ላይ መታየቱ ቀድሞ የነበሩ ያልተሳኩ ሙከራዎች ለምን እንዳልተሳኩ ያስረዳል፤ በተሳሳተ ቦታ ይለኩ ነበር።

በተቃራኒው አቅጣጫ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤሊሰንና ጎቴሊ ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ በተባለችው የሰሜን አሜሪካ ተክል ላይ ናይትሮጅን ሲጨመር፣ ተክሏ የማጥመጃ ማሰሮዋን እያሳነሰች ጠፍጣፋ፣ ለብርሃን የሚስማማ ቅጠል እንደምታበዛ አሳዩ። እዚህ ላይ ኬሚካዊው ምላሽ በሰዓታት የሚለካ መታጠፍ ሳይሆን በቅጠል ዕድገት የሚታይ የቅርጽ ለውጥ ነው። ከማዳበሪያና ከአየር ብክለት የሚመጣ ናይትሮጅን በረግረግ ላይ ሲወርድ ተክሏ ማደኗን ትቀንሳለች፤ ይህም ማለት የማሰሮዋ ቅርጽ ራሱ የአካባቢውን የናይትሮጅን ሁኔታ ይመዘግባል።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ወደ እኛም ይደርሳል። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በርጥብ ስፍራዎች የምትበቅለው ዩትሪኩላሪያ ሊቪዳ ነፍሳት በል ናት፤ ከመሬት በታች በተሠወሩ ጥቃቅን ፊኛዎች ታጠምዳለች። ዳርዊን የዚህን ወገን ዕፅዋት ፊኛዎች መርምሮ፣ በውስጣቸው ያሉት ባለአራት ክንድ ሕዋሳት ከበሰበሰው ነፍሳት የሚወጣውን ንጥረ ነገር እንደሚመጡ አስረድቷል፤ የአሞኒያ ብጥብጥም ሰጥቷቸዋል። ረግረጋማ መሬቶቻችን በእርሻ ማዳበሪያ እየተጠጉ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ ከማሳ አጠገብ የሚበቅለውን ተክል ከማሳ ርቆ ከሚበቅለው ጋር በፊኛ ብዛት ማነጻጸር በአንድ የዝናብ ወቅት ሊሠራ የሚችል የማስተርስ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ማጉያ መነጽር፣ የአፈርና የውኃ ናይትሮጅን ልኬት፣ እንዲሁም ማዳበሪያው የሚያመጣውን ከጥላ፣ ከእርጥበትና ከከብት ርግጫ ልዩነት የሚለዩ በቂ የማነጻጸሪያ ቦታዎች ናቸው።